ለበረራ ሲሙሌተር ምን ዓይነት ኮምፒውተር፣ በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም? ከአራት ኪሎ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አራት ኪሎ አካባቢ የምትኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ስትመረቅ ለፓይለትነት ሥልጠና መወዳደር ትፈልጋለች። ቤቷ ውስጥ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 አለ፤ ትንሹ ሳጥን ሆኖ ኮር አይ-ፋይቭ 7500 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም ያለው። አጎቷ በቅርቡ ከአሜሪካ ይመጣል፤ ዕቃ ላምጣልሽ ብሏታል። ጥያቄዋ፦ «ግራፊክስ ካርድ ብቻ ቢመጣልኝ በዚሁ ኮምፒውተር ይሠራልኛል ወይስ ጌሚንግ ላፕቶፕ ይሻላል? ትምህርት ቤት የምጠቀመው ኡቡንቱ ነው፤ ሲሙሌተሩ በእሱ ይሄዳል ወይስ የግድ ዊንዶውስ መጫን አለብኝ? ማክ ግዢ የሚሉኝም አሉ።»

እህቴ፣ ዕቃው ሳይገዛ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። አብዛኛው ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ፣ «ለምን ይንቀጠቀጣል?» ብሎ ነው። አንድ ነገር ግን ከሥሩ እናስተካክል፤ ምርጫው ከካርዱ አይጀምርም። መጀመሪያ ሲሙሌተሩ ይመረጣል፤ ሲሙሌተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይወስናል፤ የዕቃው ዝርዝር የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኛ አገር ደግሞ ሲሙሌተሩን የሚመርጥልሽ ከምንም በላይ የቤትሽ ኢንተርኔት ነው።

የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የወጣ ነው። ውበቱ የማይካድ ነው፤ የዓለምን መልክዓ ምድር ከሳተላይትና ከአየር ላይ ፎቶ ወስዶ ያሳይሻል። ነገር ግን ያን ሁሉ ዲስክሽ ላይ አያስቀምጠውም። የ2020ው እትም 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቅ ነበር፤ አዲሱ 50 ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ቀሪውን አንቺ እየበረርሽ ከኢንተርኔት ይስባል። አምራቹ ራሱ ያወጣው መስፈርት በዝቅተኛው 10፣ በሚመከረው 50፣ በጥሩው 100 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። 50 ሜጋቢት ሳይቋረጥ ቢፈስ በሰዓት 22 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። ሁልጊዜ ያን ያህል አይስብም፤ ከከተማ ርቀሽ ከፍ ብለሽ ስትበሪ ይቀንሳል። ቢሆንም በሞባይል ዳታ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ቤትሽ ፋይበር ገብቶ፣ ያልተገደበ ጥቅል ኖሮሽ፣ ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ፊልም ሲከፍት መስመሩ የማይዝል ከሆነ ይሄድልሻል። ካልሆነ ሕንፃው ሁሉ የቀለጠ ሰም መስሎ፣ የመንደርደሪያው ጠርዝ ሳይጠራልሽ ታርፊያለሽ። እንዲህ ዓይነት ልምምድ ዓይንሽን ያበላሸዋል እንጂ አያስተምርሽም።

ኤክስ-ፕሌን 12 በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። መልክዓ ምድሩን አንድ ጊዜ አውርደሽ ዲስክሽ ላይ ትጭኚዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ መስመር ቢቋረጥም በረራሽ አይቋረጥም። የምትፈልጊውን የዓለም ክፍል ብቻ መርጠሽ መጫን ስለሚቻል ለጊዜው አፍሪካን ብቻ መጫን ይበቃሻል። ሲሙሌተሩ አውሮፕላኑን የሚያበርበት ስሌት ክንፉን፣ ጅራቱንና ፕሮፔለሩን በትንንሽ ቁራጭ ከፍሎ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አየሩ የሚያሳርፈውን ኃይል እየደመረ ነው። ለአንቺ ዓላማ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ በቦሌ ምሳሌ አሳይሻለሁ። ሌላም ጥቅም አለው፦ አንድ ጊዜ የገዛሽው ቁልፍ (የፈቃድ ኮድ) በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ምርጫሽን ነገ ብትቀይሪ ገንዘብሽ አይቃጠልም። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ ነጻ የሙከራ ስሪቱን አውርደሽ በገዛ ማሽንሽ ላይ ማየት ትችያለሽ።

ፍላይትጊር የሚባለውም አለ፤ ሙሉ በሙሉ ነጻና ክፍት ምንጭ ነው፣ በሦስቱም ሲስተሞች ላይ ይሠራል። በውጭ ምንዛሪ መክፈል እስክትችዪ ድረስ እሱን ከመጠቀም አትቦዝኚ። የአውሮፕላኖቹ ጥራት ግን ከአንዱ አንዱ በጣም ይለያያል። ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ሲሙሌተር በፍላሽ የሚሰጥሽ ሰው አይጠፋም፤ አትቀበዪው። ማሻሻያ አይወርድበትም፣ አብሮት የሚገባውን ቫይረስም የምታውቂው ሰነድሽ ሲጠፋ ነው።

የኔ ምርጫ ለአንቺ ኤክስ-ፕሌን 12 ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ኦፕቲፕሌክስሽ እንምጣ። ለዎርድና ለትምህርት ሥራሽ ጥሩ ማሽን ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን በሦስት በኩል ይዘጋብሻል። ትንሹ ሳጥን የሚቀበለው ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩ 180 ዋት ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም፤ ስለዚህ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ መኖር አለበት። «ፓወር ሰፕላዩን ልቀይረው» ብትዪ ደግሞ ዴል የሚጠቀመው መሰኪያ ገበያ ላይ ካለው መደበኛ መሰኪያ ጋር አይገጥምም። ሦስተኛው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የኤክስ-ፕሌን 12 ዝቅተኛ መስፈርት ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ይጀምራል፣ ያንቺ 7ኛ ነው። ዊንዶውስ 11ም ይህን ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አጭር ቁመት ያለው ጂቲኤክስ 1650 ብትሰኪበት ሙከራውን ማየት ትችያለሽ፣ ዝቅ ባለ ሴቲንግ ይበርልሻል። ነገር ግን አጎትሽን ለዚያ አታድክሚው። አርኤክስ 6400 የሚባለውንም በትንሽነቱ የሚመክሩሽ ይኖራሉ፤ እሱ በአራት መስመር ብቻ የሚገናኝ ካርድ ስለሆነ እንደ ያንቺ የካርድ ማስገቢያው (ፒሲአይ ኤክስፕረስ) ትውልድ 3 በሆነ ማዘርቦርድ ላይ አቅሙ ይቀንሳል።

የበረራ ሲሙሌተር ከሌላው ጌም የሚለየው ሸክሙ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ብቻ ባለመሆኑ ነው። አየር፣ ሞተር፣ ደመና፣ የአውሮፕላኑ ሲስተሞች፣ መሬት ላይ ያለው ሕንፃ ሁሉ፣ በየቅጽበቱ መሰላት አለባቸው፤ ከዚህ ብዙው አንድ ዋና የሥራ መስመር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ 16 ኮር (የስሌት ክፍል) ካለው ቀርፋፋ ፕሮሰሰር ይልቅ 6 ኮር ኖሮት እያንዳንዱ ፈጣን የሆነው ይበልጣል። ከፍጥነቱ ቀጥሎ የሚታየው ኤል-ሦስት የሚባለው የውስጥ ማከማቻ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ስላለው ነው ሲሙሌተር የሚያበሩ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚፈልጉት። ያንቺ ኪስ አሁን እዚያ መድረስ የለበትም። ራይዘን 5 5600 ይበቃሻል፦ 6 ኮር፣ 32 ሜጋባይት ማከማቻ፣ 65 ዋት። ደስ የሚለው ሁለቱም የሚሰኩት በአንድ ዓይነት ሶኬት ላይ መሆኑ ነው፤ ነገ ሥራ ስትይዢ ማዘርቦርዱን ሳትነኪ ፕሮሰሰሩን ብቻ ትቀይሪያለሽ። ማዘርቦርዱ ቢ550 ቢሆን ይመረጣል። ቢ450 በርካሽ ካገኘሽ ግን ሻጩ ባዮሱን (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳውን ፕሮግራም) አዘምኖ፣ 5600ው ተሰክቶበት ሲበራ እንዲያሳይሽ ጠይቂ፤ አሮጌ ባዮስ ያለበት ቦርድ ይህን ፕሮሰሰር ስለማያውቀው ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

ለምን ፕሮሰሰሩ ላይ እንዲህ እንደምደክም ልንገርሽ። ኤክስ-ፕሌን በሰከንድ ከ20 ስዕል በታች ከወረደ፣ ስሌቱ እንዳይዛባ ብሎ የራሱን ሰዓት ያዘገያል። በስክሪኑ ላይ የፍጥነት መለኪያው 90 ኖት (በሰዓት 90 የባሕር ማይል) ይላል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ ጊዜው ግን እየተጎተተ ነው። ሆልዲንግ (ተራ እየጠበቁ አየር ላይ መዞርን) ስትለማመጂ ከ14,000 ጫማ በታች ቀጥታ መስመሩ አንድ ደቂቃ እንዲሆን ነው የሚጠበቀው። በእጅ ሰዓትሽ አንድ ደቂቃ ቆጥረሽ ስትዞሪ፣ የሲሙሌተሩ ደቂቃ ገና 45 ሰከንድ ላይ ሊሆን ይችላል። ስታርፊም አፍንጫውን ቀና የምታደርጊበትን ቅጽበት እጅሽ በዘገየ ጊዜ ይለምደዋል። የመማሪያ መሣሪያ ከሆነ፣ ስዕሉ ከማማሩ በፊት ጊዜው እውነተኛ መሆን አለበት። በሰከንድ 30 የማይወርድ ስዕል ካገኘሽ፣ ጥላውንና ዛፉን ቀንሰሽም ቢሆን፣ ይበቃሻል።

ራም 32 ጊጋባይት አድርጊው፤ ሁለት ባለ 16 ይሁን እንጂ አንድ ባለ 32 አይሁን፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ነው ፕሮሰሰሩ በፍጥነት የሚመገበው። ዲስኩ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ፈጣኑ ዓይነት)፣ 1 ቴራባይት።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ፉል ኤችዲ ሞኒተር እስከተጠቀምሽ ድረስ 8 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ ያለው አርኤክስ 6600 ደህና ነው፤ 132 ዋት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ለኛ መብራት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 12 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3060 በቅርብ ዋጋ ከተገኘ እሱን ውሰጂ፤ 170 ዋት ይበላል፣ ግን አንድ ቀን ወደ ማይክሮሶፍቱ መሻገር ብትፈልጊ ሜሞሪው ይጠቅምሻል። አዲስ ካርድ በአጎትሽ በኩል ቢመጣ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ያገለገለ ካርድ መግዛት ዓይን ይፈልጋል። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጥ «2048ኤስፒ» የሚል ቅጥያ ያለው ካርድ አለ፤ ውስጡ የአርኤክስ 570 ያህል ኮር ብቻ ነው ያለው፣ ትክክለኛው 580 ግን 2304 ነው። ከዚያ የከፋው አሮጌ ካርድ ሆኖ ባዮሱ ተቀይሮ ስሙ ብቻ አዲስ የሆነው ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ገብተሽ ብታዪው ተታለሽ ትወጫለሽ። መርካቶም ሆነ ስታዲየም አካባቢ ለመግዛት ከሄድሽ ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ እንዲህ ዓይነቱን ሐሰተኛ ካርድ አውቃ ትናገራለች። ከዚያ ሻጩ ፊት ከባድ የግራፊክስ መፈተኛ ከፍተሽ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቂ፤ ሙቀቱንም፣ የፋኑንም ድምፅ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መውጣት አለመውጣቱንም ተመልከቺ። «አይቻልም» የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ አመስግነሽ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፊ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለውን ላንሳ፤ መብራትና አየር። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ «ይህ ኩለር ይበቃል» ያለው ሰው በብዛት የሚኖረው ባሕር ዳርቻ አጠገብ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ የሚመጣውን ትንሽ ኩለር ትተሽ ቁመት ያለው ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ኩለር ግጠሚለት፤ ሳጥኑም ከፊት ሁለት ፋን ያለው፣ የአቧራ ማጣሪያው በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። በየሰፈሩ ግንባታ ስላለ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ አራግፊው።

ፓወር ሰፕላዩ ከታወቀ አምራች፣ 550 ወይም 650 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ (የኤሌክትሪክ ቁጠባ ደረጃ ነው) የሚል ይሁን። ከሌላው ሁሉ ቀንሰሽ እዚህ ላይ ጨምሪ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ፍሪጅ እንደተሰካ ስለሚጠብቅ ቮልቴጁ ይወዛወዛል። ዩፒኤስ 1000 ቪኤ ግዢ፤ ዓላማው በረራሽን አስቀምጠሽ በሥርዓት ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ እንድታገኚ ነው፣ ለመብረር አይደለም። ሲገዛ «የሚያወጣው ሞገድ ሳይን ዌቭ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ በደረጃ የተቆራረጠ ሞገድ የሚያወጡት ርካሾቹ ዩፒኤሶች ከዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጋር አንዳንዴ አይስማሙም፣ ወደ ባትሪ በሚቀይሩበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አትቀጥዪ። መብራት ሲጠፋ ነቅለሽ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ቆይተሽ ሰኪ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ብዙ ክርክር ትሰሚያለሽ። ኤክስ-ፕሌን 12 በሊኑክስ ላይ በራሱ፣ ያለ ምንም ማስመሰያ ይሠራል፤ ስዕሉን የሚሠራበት ቩልካን የሚባለው ዘዴ በዊንዶውስም በሊኑክስም አንድ ነው፣ ፍጥነቱም ተቀራራቢ ነው። ኡቡንቱ ላይ ኤኤምዲ ካርድ (አርኤክስ የሚለው) ከሆነ ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ አብሮ ይመጣል፤ ኤንቪዲያ (አርቲኤክስ የሚለው) ከሆነ የአምራቹን ድራይቨር ለይተሽ መጫን አለብሽ። ስለዚህ «ኡቡንቱ ይሄዳል ወይ?» ላልሽው መልሱ አዎ ነው።

ችግሩ ሲሙሌተሩ ላይ ሳይሆን ዙሪያው ላይ ነው የሚመጣው። ከሌላ አምራች የምትገዢው ወይም የምታወርጂው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ የራሱ ፕለጊን (ሲሙሌተሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አለው፤ የፕለጊኑ አቃፊ ሲከፈት ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ የተለያየ ፋይል ይገኝበታል። የሊኑክሱ ከሌለ አውሮፕላኑ ይከፈታል፣ ግማሽ ሲስተሙ ግን አይሠራም። ከመክፈልሽ በፊት ይህን አረጋግጪ። የጆይስቲክና የፔዳል ማስተካከያ ፕሮግራሞችም በብዛት ለዊንዶውስ ብቻ ናቸው። የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር በሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ጌሞችን በሊኑክስ በሚያስኬደው በስቲም ፕሮቶን በኩል እንዲሄድ የሚያደርጉት አሉ፤ ሲሄድ ይሄዳል፣ ከውጭ የሚገናኙት ረዳት ፕሮግራሞች ጋ ሲደርስ ግን ራስ ምታት ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

ስለዚህ ውሳኔዬ ሁለቱንም ጫኚ ነው። አዲሱ 1 ቴራባይት ላይ ዊንዶውስ 11 እና ሲሙሌተሩ፤ ከኦፕቲፕሌክሱ ነቅለሽ የምታመጪው ዲስክ ላይ ኡቡንቱ ለትምህርትሽ። ሁለቱ በአንድ ዲስክ ላይ አይሁኑ፤ የዊንዶውስ ማሻሻያ የሊኑክሱን ማስነሻ ሲነካው ፈተና ሳምንት ላይ ትቸገሪያለሽ። ዊንዶውስን ያስቀደምኩት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽብሽ ወንበር ስበሽ የምትጠይቂው ሰው የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ይህ ትልቅ ዋጋ አለው። ዊንዶውስ ውስጥ የኢንተርኔት መስመሩን «ሚተርድ» (በልክ የሚከፈልበት) ብለሽ አስቀምጪው፤ ዝም ብሎ ዳታሽን እንዳይጨርስ። ከዓመት በኋላ እጅሽ ሲፍታታ ሲሙሌተሩን ወደ ኡቡንቱ ብታዛውሪው ቁልፉ ያው ነው።

ማክ ላይ አልቆይም። ኤክስ-ፕሌን በአዲሶቹ የአፕል ቺፖች ላይ በደንብ ይሄዳል፤ ቤት ውስጥ ማክ ላለው ሰው ጥሩ ነው። የማይክሮሶፍቱ ግን ለማክ አልተሠራም፣ ራሙም ከተገዛ በኋላ አይጨመርም። ለሲሙሌተር ብለሽ አዲስ አትግዢ።

ላፕቶፕ ላይ ግን የሚያሳምን ነገር አለ፦ ባትሪ አለው፣ መብራት ሲጠፋ በረራሽ አይጠፋም፣ ግቢም ይዘሽው ትሄጃለሽ። ይሁን እንጂ በባትሪ ሲሆን ግራፊክሱ አቅሙን ይቀንሳል፤ ተሰክቶም ቢሆን ለረጅም ሰዓት ሲሠራ በዚህ ከፍታ ሙቀቱ ቶሎ ይጨምርና ራሱን ያዘገያል። ስሙ አንድ ሆኖ የላፕቶፑ ካርድ ከዴስክቶፑ ያነሰ ዋት እንደሚሰጠውም እወቂ። ሲበላሽ ደግሞ ካርዱ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ማደሪያሽ በየጊዜው የሚቀያየር ቢሆን ኖሮ ላፕቶፕ እልሽ ነበር፤ ቋሚ ቤት ስላለሽ ዴስክቶፕ ይሁን።

ገንዘብ ካነሰሽ ከግራፊክስ ካርዱ ቀንሺ እንጂ ከመቆጣጠሪያው አትቀንሺ። በኪቦርድ መብረር አይቻልም፤ ቁልፍ መጫን ሙሉ ወይም ምንም ነው፣ አውሮፕላን ግን በጣት ግፊት ነው የሚነዳው። ትረስትማስተር ቲ.16000ኤም በማግኔት ስለሚለካ በአቧራና በዕድሜ ቶሎ አይንቀጠቀጥም፤ ዱላው ራሱ ስለሚጠመዘዝ ለጊዜው የእግር ፔዳልን ይተካልሻል። ቀጥሎ የምትገዢው ግን ፔዳል ይሁን፤ ሁለተኛ ሞኒተር መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዙሪያሽን ለማየት ደግሞ ኦፕንትራክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በተራ ዌብካም ራስሽን ስታዞሪ ኮክፒቱ ውስጥ ያለው ዕይታ አብሮሽ ይዞራል፣ በሁለቱም ሲስተም ይሠራል።

ማሽኑ ከተገጣጠመ በኋላ የምትፈትኚበትን ልስጥሽ። ከቦሌ ተነሺ፤ ኮዱ ኤችኤኤቢ ነው። አብሮ የሚመጣውን ሴስና 172 ያዢ፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ አድርጊ፣ ነፋስ አይኑር። በሴቲንጉ ዳታ አውትፑት ውስጥ የመጀመሪያውን መስመር፣ የፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚሳለውን ስዕል ብዛት)፣ ስክሪን ላይ አውጪው፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ለእያንዳንዱ ስዕል ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው ለየብቻ ያሳይሻል። የፕሮሰሰሩ ጊዜ ከበለጠ የሕንፃና የዕቃ ብዛትን ቀንሺ፤ የግራፊክሱ ከበለጠ ጥላውን፣ ደመናውንና የጠርዝ ማለስለሻውን ቀንሺ። ይህን ሳያዩ ሁሉንም በአንድ ላይ መቀነስ ያለ ምርመራ መድኃኒት መዋጥ ነው።

ከዚያ ለመነሳት ሞክሪ። ቦሌ ከፍታው 7,625 ጫማ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በ25 ዲግሪ ቀን አየሩ ለአውሮፕላኑ 10,600 ጫማ ላይ እንዳለ ያህል ሳስቶ ይሰማዋል። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቅ ማስተካከያውን) እስከ ጥግ ገፍተሽ፣ እንደ ባሕር ዳርቻ አድርገሽ ብትነሺ ሞተሩ በነዳጅ ታፍኖ ይንገዳገዳል፤ መንደርደሪያውም ይረዝምብሻል። ትክክለኛው ከ3,000 ጫማ በላይ ባለ ሜዳ ላይ ፍሬን ይዞ፣ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ፣ የሞተሩ ዙር ከፍተኛው እስኪደርስ ሚክስቸሩን ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ስታደርጊው ዙሩ ከፍ ሲል በዓይንሽ ታዪዋለሽ። መለኪያው 65 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ የሚሄደው ከ75 በላይ ነው፤ መሬቱ ከጠበቅሽው በላይ በፍጥነት ይሸሻል። ከተነሳሽም በኋላ ሽቅብ መውጣቱ ያዘግማል፣ በስተሰሜን እንጦጦ ቆሞ ይጠብቅሻል። ኤክስ-ፕሌንን የመረጥኩልሽ ይህን ሁሉ ያለ ኢንተርኔት፣ በመካከለኛ ማሽን፣ በትክክለኛ ጊዜ ስለሚያሳይሽ ነው። በቤት የምትበሪው ሰዓት በሎግ ቡክሽ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው በባለሥልጣን በተረጋገጠ መሣሪያ ላይ የሚሠራው ብቻ ነው። ቼክሊስትን፣ የሬዲዮ ንግግርን፣ የመሣሪያ ንባብን ግን ይዘሽ ትገቢያለሽ።

ከተማዋን በሳተላይት ፎቶ ማየት ከፈለግሽ ኦርቶ4ኤክስፒ በሚባል ነጻ መሣሪያ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። መሣሪያው ዓለምን በአንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ካሬ ነው የሚቆርጠው፤ 9ኛው የኬክሮስ መስመር ደግሞ በመስቀል አደባባይና በቦሌ መንደርደሪያ መካከል ያልፋል። ስለዚህ 9-38 (ኬክሮስ 9፣ ኬንትሮስ 38) የሚለውን ካሬ ብቻ ብትሠሪ አራት ኪሎና ፒያሳ ያምራሉ፣ አየር ማረፊያው ግን ተራ ሣር ሆኖ ይቀራል። 8-38ንም ጨምሪ። ሌሊት ላይ አስጀምሪው፣ ብዙ ጊጋባይት ያወርዳል።

ለአጎትሽ የምትልኪለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ፕሮሰሰሩ በታሸገ ካርቶኑ፣ ሁለቱ ራም፣ ኤስኤስዲው፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ ጆይስቲኩ። ሁሉም ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ማዘርቦርዱን፣ ሳጥኑን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ሞኒተሩን ከዚህ ግዢ፤ ሲበላሹ የምትመልሽበት ሱቅ እንዲኖርሽ። ዩፒኤስና ስታቢላይዘር ከአሜሪካ በፍጹም እንዳያመጣ፤ የዚያ አገር 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ይዤልሽ ልምጣ ካለም ከኋላው ባለው ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ መኖሩን በፎቶ ያሳይሽ፤ ካለ፣ ሳይሰካ በፊት ወደ 230 ይገፋ።